የሕሙማን ቃል በስልክ ሲጻፍ

(በከሚሴ ከተማ ለሰበካ ጉባኤ አባላት፣ ለካህናትና ለበጎ ፈቃድ ሕሙማን ጠያቂዎች ከቀረበ ንግግር)



በዛሬው መርሐ ግብር ላይ ለእኔ የተሰጠኝ ርእስ «የሪፖርት አቀራረብ» የሚል ነበር። ርእሱን ጠበብ አድርጌዋለሁ። ስለ ሪፖርት በሙሉ ከመናገር ይልቅ ስለ አንድ ዐይነት ጽሑፍ ብቻ ልናገር እወዳለሁ፤ ይኸውም ለስልካችን በድምፅ ነግረን፣ ስልኩ ወደ ፊደል ለውጦልን፣ ለጤና ጣቢያ ስለምንልከው የሕሙማን ማስታወሻ ነው። ከእናንተ መካከል ብዙዎቻችሁ ይህን ትጠቀማላችሁ። እኔም እጠቀማለሁ። ርእሱን የመረጥኩትም ስሕተቱ በእኔው እጅ ስለ ተፈጸመ ነውና አስቀድሜ እርሱን ልናዘዝ።

ባለፈው ክረምት ቦርከና በሞላበት ሰሞን፣ ከጨፋ ሜዳ ዳር ወደሚኖሩ አንዲት አረጋዊት እናት ቤት ከአንዲት የበጎ ፈቃድ ባልደረባችን ጋር ሄድኩ። እናታችን የሚናገሩት በአፋን ኦሮሞ ነው። እኔ ሰላምታውን እችላለሁ፣ የሕመምን ነገር ግን እስከ መጨረሻው አልከተልም። ስለዚህ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የሆነች የልጅ ልጃቸው ወደ አማርኛ እየመለሰች ነገረችኝ። ስንጨርስ ዝናቡ መጣ፤ እኔም ከደጁ ባለው ግራር ሥር ቆሜ የሰማሁትን ሁሉ ለስልኬ ተናገርኩ። ስለ ሳላቸው፣ ስለ ትኩሳታቸው፣ ስለ እግራቸው እብጠት ተናገርኩ። በመጨረሻም «ፔኒሲሊን አይስማማቸውም» አልኩ። ስልኩ የጻፈው «ፔኒሲሊን ይስማማቸዋል» ብሎ ነበር። ባትሪዬ እያለቀ ነበርና ሳላነብ በቴሌግራም ላክሁት።

ማታ ከጤና ጣቢያው ያለች ነርስ ደወለችልኝ። «ዲያቆን፣ ይህ ምን ማለት ነው? መድኃኒት የተስማማው ሰው ስለ መስማማቱ ያስመዘግባል እንዴ?» አለችኝ። እኔ መጀመሪያ ምን እንደምትለኝ አልገባኝም። ስልኬን ከፍቼ ሳነብ ግን ላብ አሰመጠኝ። አባቶቼ፣ ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው መርፌውን ቢወጋ በደቂቃዎች ውስጥ ፊቱ ሊያብጥ፣ ጉሮሮው ሊዘጋ፣ ነፍሱም ልታልፍ ትችላለች። እናታችን በማግሥቱ ወደ ጤና ጣቢያው እንዲመጡ ቀጠሮ የያዝኩላቸው እኔ ነበርኩ።

እግዚአብሔር ይስጣት፣ ነርሷ አስተዋለች። ያስተዋለችው ግን ዐረፍተ ነገሩ እንግዳ ስለ ነበረ ነው። ይህ ነገር ከዚያ ቀን ጀምሮ አእምሮዬን ይዞታል። ስልኩ የጻፈው ተራ የሚመስል ዐረፍተ ነገር ቢሆን ኖሮስ? «ሳል የለባቸውም» ያልኩትን «ሳል አለባቸው» ቢለው፣ ወይም «ሠላሳ ፍሬ» ያልኩትን «ስልሳ ፍሬ» ቢለው ማን ይጠራጠር ነበር?

በእጅ ጽሑፍና በዚህ መሣሪያ ጽሑፍ መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት ይህ ይመስለኛል። የእጅ ጽሑፍ ሲበላሽ ብልሽቱ ይታያል፤ ፊደሉ ይደበዝዛል፣ ቃሉ ይጎድላል፣ አንባቢው «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። የእኔን የእጅ ጽሑፍ የሚያውቁ እዚህ የተቀመጡ አሉ፤ ሁልጊዜ ሲጠይቁኝ ይኖራሉ። ስልኩ ሲሳሳት ግን ስሕተቱ በጠራ ፊደል፣ በተስተካከለ አማርኛ፣ በሙሉ ዐረፍተ ነገር ይወጣል። የተሳሳተ አይመስልም።

ይህ የሚሆንበት ምክንያት በመሣሪያው አሠራር ውስጥ አለ። ስልኩ እንደ ሰው አይሰማም። ድምፁን ይቀበልና፣ ከዚህ በፊት ከተማረው የድምፅና የጽሑፍ ክምችት ተነሥቶ፣ «ይህን ድምፅ የሚመስል፣ ከዚህ ቃል ቀጥሎም የሚመጣ ቃል የትኛው ነው?» ብሎ ይገምታል። ብዙ ጊዜ የሰማውን ቃል ቶሎ ያገኘዋል፤ ጥቂት ጊዜ የሰማውን በብዙው ይተካዋል። «ሜትፎርሚን» የሚለውን የስኳር መድኃኒት ስም ስልኬ አንድ ጊዜ «ሜትር ፎርም» ብሎ ጽፎልኛል። ይህን ስንሰማ እንስቃለን፤ ነገር ግን መርሁ አንድ ነው። እንደ «አይ» እና «አል» ያለ አጭር የአሉታ ምልክት በዝናብ ድምፅ ውስጥ ሲውጠው፣ መሣሪያው ባዶውን በለመደው ይሞላዋል።

አማርኛን በተመለከተ ክምችቱ ራሱ ትንሽ ነው። ጉግል በነሐሴ ወር 2009 ዓ.ም. በድምፅ መጻፍን ለአማርኛና ለስዋሂሊ ሲፈቅድ ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር፤ ደስታውም ተገቢ ነበር። ከዚያ በፊት ዶክተር ሰሎሞን ተፈራ አባተና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 ለምርምር ያሰናዱት የአማርኛ የንግግር ክምችት በአንድ መቶ ሰዎች የተነበበ፣ ወደ ሃያ ሰዓት የሚጠጋ ድምፅ ነበር። ያ ሥራ የብዙ ተመራማሪዎች መነሻ ሆኗል፤ ሊከበርም ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 ኦፕን ኤ.አይ. የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ይፋ ያደረገው «ዊስፐር» የተባለ መሣሪያ ደግሞ በ680 ሺህ ሰዓት ድምፅ የሠለጠነ ነው፤ ከዚያም ትልቁ ድርሻ የእንግሊዝኛ ነው። ዊስፐር ከሚጽፋቸው ወደ አንድ መቶ ከሚጠጉ ቋንቋዎች ውስጥ አማርኛ አለ። አፋን ኦሮሞ ግን በዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም። ይህን ለሚሰማ የከሚሴ ሰው ብዙ ማስረዳት አያሻም።

በእንግሊዝኛ እንኳ፣ ያውም በሠለጠኑ ሐኪሞች አፍ፣ ምን እንደሚሆን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት 144 ሐኪሞች በድምፅ ያስጻፏቸውን 217 የሕክምና ማስታወሻዎች መርምሮ ነበር። መሣሪያው እንደ ጻፈው፣ ሰው ሳይነካው፣ ከመቶ ቃል ውስጥ 7.4 ያህሉ ስሕተት ነበረበት። የጽሕፈት ባለሙያ ካረመው በኋላ ስሕተቱ ወደ 0.4 ወረደ፤ ሐኪሙ ራሱ አይቶ ከፈረመበት በኋላ ደግሞ 0.3 ሆነ። ከእነዚህ ሦስት ቁጥሮች መካከል እኔን የገረመኝ የመጀመሪያው ሳይሆን ሁለተኛው ነው። የሰው ዐይን አንድ ጊዜ ሲያልፍበት ከሃያው ስሕተት ዐሥራ ዘጠኙ ያህል ተወገደ ማለት ነው። እኔ በዚያ ክረምት ቀን ያልሰጠሁት ያን አንድ ጊዜ ነው።

ከዚህም የሚከፋ አለ። እ.ኤ.አ. በ2024 ሌሎች ተመራማሪዎች ስለ ዊስፐር ባወጡት ጥናት፣ ከመቶ የድምፅ ቅጂ በአንዱ ያህል መሣሪያው ጨርሶ ያልተነገረ ሐረግ ወይም ዐረፍተ ነገር ከራሱ አፍልቆ ይጽፍ እንደ ነበር አሳይተዋል። ይህ በተለይ የሚበዛው ተናጋሪው ረጅም ዝምታ ሲያደርግ ነበር፤ ጥናቱም በአንጎል ጉዳት ምክንያት ንግግር የሚከብዳቸውን ሰዎች ድምፅ የያዘ ነበር። እናንተ የምትጠይቋቸውን ሕሙማን አስቡ። አንድ ቃል ተናግሮ የሚያርፍ፣ በሳል የሚቋረጥ፣ እያለቀሰ የሚናገር ሰው ነው። ዝምታቸው ለእኛ ትርጉም አለው፤ ለመሣሪያው ግን ዝምታ የሚሞላ ባዶ ቦታ ነው። በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር አሶሺዬትድ ፕሬስ የተባለው የዜና ወኪል እንደ ዘገበው ደግሞ፣ በዚሁ መሣሪያ ላይ ተመሥርቶ ለሐኪሞች የተሠራ አንድ የማስታወሻ መጻፊያ፣ ለምስጢር ጥበቃ ሲባል ዋናውን ድምፅ ያጠፋው ነበር። ድምፁ ከጠፋ ጽሑፉን ከምን ጋር እናስተያየዋለን? ወደዚህ ጥያቄ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ካህናት አባቶቼ፣ ከምናገረው ውስጥ ይህኛውን ክፍል ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። ንባብ ያስተማሩን መምህራን ጠብቆ የሚነበበውንና ላልቶ የሚነበበውን ስንቀላቅል እንዴት እንደሚገሥጹን አትረሱትም። ፊደላችን መጥበቅንና መላላትን አይጽፍም። «መድኃኒት ይሰጣል» ብዬ ብጽፍ፣ እርሱ ለሌላ የሚሰጥ ነው ወይስ ለእርሱ የሚሰጠው? ድምፄ ለይቶት ነበር፤ ጽሑፉ ግን አንድ አደረገው። በዚህ ስልኩን መውቀስ አይቻልም፤ የፊደሉ ጠባይ ነው። መፍትሔው ደግሞ ከአብነት ትምህርት ቤት የወጣ ነው፤ ጮኾ ማንበብ። በዐይን ብቻ የሚያነብ ሰው ማለት የፈለገውን ያነባል። ጮኾ የሚያነብ ሰው ግን የተጻፈውን ይሰማል።

ቁጥሮቻችንም እንዲሁ ናቸው። ሠላሳና ስልሳ፣ ሰባትና ሰባ፣ ስምንትና ሰማንያ በችኮላ አፍ ውስጥ እርስ በርሳቸው ይቀራረባሉ። በአፋን ኦሮሞም ቶርባ ሰባት፣ ቶርባተማ ሰባ ነው፤ መጨረሻው ከተዋጠ ሰባ ሰባት ይሆናል። ሰዓትን በተመለከተ «ማታ ሁለት ሰዓት» ያልነውን ስልኩ «2:00» ብሎ ቢጽፈው «ማታ» ጠፋ፤ ያንን ወረቀት በፈረንጅ ሰዓት የሚያነብ ሰው ደግሞ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት አድርጎ ይረዳዋል። ዓመተ ምሕረቱም በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ይለያያል፤ አንድን ሕፃን በአንድ የፊደል ጥፍር ውስጥ የትምህርት ቤት ልጅ ማድረግ ይቻላል።

የነፍሰ ጡር እናቶችን ጉዳይ ለብቻው ልንገራችሁ። የመጨረሻ የወር አበባዋን ቀን ስትጠየቅ በቁጥር የምትነግረኝ እናት ጥቂት ናት። «ፍልሰታ ከመግባቱ በፊት» ትላለች፤ ሙስሊሟ ጎረቤቷ ደግሞ «ረመዷን እኩሌታ ላይ» ትላለች። ሁለቱም ትክክለኛ መልስ ነው፣ እንዲያውም ከቁጥሩ ይልቅ የሚታመን ነው። ነገር ግን ረመዷን በየዓመቱ ወደ ዐሥራ አንድ ቀን ያህል ወደ ኋላ ይመጣል። ስለዚህ ቃሏን እንደ ተናገረችው ጻፉት፤ ቀኑን ከእርሷ ጋር ሆናችሁ በወረቀት አስሉት፤ ሁለቱንም አስቀምጡ። ስልኩ «ረመዷን» የሚለውን የሰው ስም መስሎት ከባለቤቷ ስም ጋር ሲያያይዘው አይቻለሁ።

ስለ ስም ካነሣሁ ወሎ ውስጥ ሰይድ ስንት ሰው ነው? ሰይድና ሰዒድ ሁለት ስሞች ናቸው፤ ስልኩ ግን አንዱን በሌላው ይተካል። ሙሐመድን በስንት መልክ ጽፈነዋል? ሙሐመድ፣ ሙሀመድ፣ መሐመድ፣ ሞሐመድ እያልን። ፋጡማ፣ ፋጢማ፣ ፋጦ የምትባል አንዲት ሴት በሦስት ካርድ ሦስት ሰው ልትሆን ትችላለች። በጤና ጣቢያው ማኅደር ፈላጊው በ«ሐ» የተጻፈውን በ«ሀ» ሲፈልገው አያገኘውምና «አዲስ ታካሚ» ብሎ አዲስ ካርድ ያወጣል። የቲቢ መድኃኒት አራት ወር የወሰደ ሰው ታሪኩ በአሮጌው ካርድ ውስጥ ተኝቶ ይቀራል። በእኛ በኩልም ሌላ ችግር አለ። በክርስትና ስሟ ወለተ ማርያም የተባለች እናት በጤና ጣቢያ የምትታወቀው በሌላ ስም ነው። ሰበካ ጉባኤው የሚያውቃት በመጀመሪያው፣ ነርሷ የምታውቃት በሁለተኛው ነው። ስለዚህ ስምን ለስልኩ አትናገሩት። ስምን በእጃችሁ ጻፉት፤ ከካርዷ ላይ ወይም ከፋይዳ መታወቂያዋ ላይ እያያችሁ፣ ፊደል በፊደል፣ እስከ አያት ስም ድረስ።

የከሚሴን ነገር ከሌላው አገር የሚለየው ግን ሰንሰለቱ ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከ450 ሺህ በላይ ሕዝብ የነበረው ይህ ብሔረሰብ ዞን፣ ከአራት ሰው ሦስቱ ያህል አፉን የፈታው በአፋን ኦሮሞ ነው። የዞኑ መሥሪያ ቤቶች በአፋን ኦሮሞ፣ በቁቤ ይጽፋሉ፤ ክልሉ በአማርኛ ይሠራል፤ ሐኪሙ ደግሞ ምርመራውን በእንግሊዝኛ ይመዘግባል። በመካከላችን አርጎብኛ የሚናገሩም አሉ። አንዲት የዳዋ ጨፋ ወይም የአርጡማ ፉርሲ እናት ሕመሟን ተናግራ፣ ቃሏ ደሴ ወዳለው ሆስፒታል እስኪደርስ ድረስ ሦስት ቋንቋና ሁለት ፊደል ያቋርጣል። በዚህ መንገድ ላይ መሣሪያ ሲጨመር አራተኛ አስተርጓሚ ተጨመረ ማለት ነው፤ ያውም «አልሰማሁም፣ ድገሚልኝ» የማይል አስተርጓሚ።

«ገራ» የሚለውን የአፋን ኦሮሞ ቃል ውሰዱ። ሆድ ማለት ነው፤ ነገር ግን ልክ አማርኛው «ሆዴ ባባ» እንደሚለው የውስጥ ስሜትንም ይይዛል። አስተርጓሚዋ ልጅ አንድ ጊዜ «ሆዷን ያማታል» ትለኛለች፣ ሌላ ጊዜ «ልቧን ያማታል» ትለኛለች። በአማርኛችንም ብዙ ሰው «ልቤን» ሲል እጁ የሚያርፈው ከደረት አጥንቱ በታች፣ ጨጓራው ላይ ነው። እኔ እጁን አያለሁ። ስልኩ እጅ አያይም። «ልቤን» የሚል ጽሑፍ ብቻ የደረሰው ሐኪም ስለ ልብ ሕመም ያስባል፤ ቢያስብም አይፈረድበትም። ስለዚህ ሕመምተኛው ያሳየውን ቦታ በቃል ጻፉ፦ «ልቤን ብላለች፤ እጇን ያኖረችው ከእምብርት በላይ ነው።» ይህን አንድ መስመር ለመጻፍ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

በዕረፍቱ ሰዓት አንድ አባት «እንግዲያው ለምን አንተወውም? ቀድሞስ በወረቀት አልነበረም የምንሠራው?» ብለው ጠይቀውኛል። ጥያቄያቸው ትክክል ነው፤ በመልሱ ግን ከእርሳቸው እለያለሁ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን የእያንዳንዱን ቤት የቤተሰብ ማኅደር በእጅ ሲጽፉ ኖረዋል፤ ስንቱ ገጽ ባዶ እንደሚቀር፣ ስንቱ ከወር በኋላ ከትዝታ እንደሚሞላ እናውቃለን። ትዝታም ይሳሳታል። ከእኛ ጠያቂዎች መካከል ደግሞ እጃቸው የሚንቀጠቀጥ አረጋውያን አሉ፤ ለእነርሱ በድምፅ መጻፍ ከአገልግሎት እንዳይቀሩ ያደረጋቸው ነገር ነው። መሣሪያውን መከልከል እነርሱን መከልከል ይሆናል። እኔ የምለው የሚታመንበትንና የማይታመንበትን እንለይ ነው። ትረካውን፣ ማለትም ሕመሙ መቼ እንደ ጀመረ፣ ቤቱ እንዴት እንደ ሆነ፣ ማን እንደሚያስታምም ለስልኩ ንገሩት፤ ጥሩ አድርጎ ይጽፍላችኋል። ስምን፣ ቁጥርን፣ የመድኃኒት ስምንና «የለም፣ አይደለም፣ አይስማማም» የሚለውን ሁሉ ግን በእጃችሁ ጻፉ። የመድኃኒቱን ስም ከፓኬቱ ላይ ገልብጡት፤ ፓኬቱ ከሌለ «ስሙ አልታወቀም» በሉ። «ምናልባት» ብሎ መገመት የስልኩን ሥራ መድገም ነው።

የቁም ጸሐፊዎቻችን ልማድ እዚህ ላይ ይረዳናል። ብራና ላይ ቃል የዘለለ ጸሐፊ በመስመሩ መካከል ወይም በኅዳጉ አግብቶ ይጽፈዋል፤ የማይገባ ቃል ሲገባም ከላይና ከታች ጭረት አድርጎ «ይህ አይነበብ» ይላል። ያረመው ነገር ይታያል፤ የሚያፍርበትም የለም። የሕክምና መዝገብም እንዲሁ ነው የሚታረመው። የተሳሳተውን አጥፍተን አዲስ እንደ ጻፍን አናስመስል፤ ቀድሞ የተላከው መልእክት በነርሷ ስልክ ላይ አለና። አንድ መስመር ሰርዙበት፣ ትክክለኛውን ጻፉ፣ ቀኑንና ስማችሁን አኑሩ፤ ቀድሞ ለተላከለትም ሰው ደውላችሁ ንገሩት። እኔ የእናታችንን ማስታወሻ ያረምኩት በዚህ መንገድ ነው፤ የተሰረዘው «ይስማማቸዋል» እስከ ዛሬ በማኅደሩ ውስጥ ይታያል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን መልሶ ማንበብ ነው። ለማን? ለራሳችን ብቻ አይደለም፤ ለሕመምተኛዋ፣ በምትሰማው ቋንቋ። ጽሑፉን አንብባችሁ አስተርጓሚዋ ወደ አፋን ኦሮሞ ትመልስላት፤ «ያልሽው ይህን ነው?» በሏት። ከዚያ ወዲህ ይህን በሠራሁባቸው ቤቶች ሁሉ ሕሙማን ዝም ብለው አይሰሙም፤ ያርማሉ። አንዱ አባት «ሦስት ሳምንት አይደለም፣ ሦስት ወር ነው» ብለውኛል። ያ ስሕተት የስልኩ አልነበረም፤ የእኔ ጆሮ ነበር። አስተርጓሚም ስንመርጥ እንጠንቀቅ። የስምንተኛ ክፍል ልጅ ስለ አያቷ ሳል ልትነግረን ትችላለች፤ ስለ አያቷ ማሕፀን ግን አያቲቱም አይነግሯትም፣ እርሷም አትተረጉመውም። እንዲህ ያለ ነገር ሲኖር ቋንቋውን የምታውቅ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወይም በእድሜ የምትመጥናቸው ሴት ፈልጉ።

አሁን ወደ ድምፁ ልመለስ። በስልክ የምንናገረው ነገር ብዙ ጊዜ በስልኩ ውስጥ አይቀርም፤ ወደ ፊደል የሚለወጠው በሩቅ አገር ባለ ኮምፒዩተር ሊሆን ይችላል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰውን የጤና መረጃ ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት መካከል መድቦታል። ካህናት ግን ስለ ምስጢር አዋጅ አያስፈልጋችሁም፤ የንስሐ አባትነት ከዚህ ሕግ እጅግ ይቀድማል። በጸበል ቦታ የተቀመጡ፣ የኤች.አይ.ቪ. ወይም የቲቢ መድኃኒታቸውን እንዳያቋርጡ የምትከታተሏቸው ሰዎች ስም በድምፅ ተቀርጾ በቴሌግራም ቡድን ውስጥ ሲዞር ማየት ያሳዝናል፤ አይቻለሁም። የበሽታውን ስምና የሰውየውን ስም በአንድ ትንፋሽ ለስልክ አትናገሩ። የካርድ ቁጥሩ በቂ ነው።

የተናገራችሁትን ድምፅ በተመለከተ፣ ጽሑፉ ተነብቦ እስኪረጋገጥ ድረስ አቆዩት፤ ቢያንስ አንድ ሰው ሰምቶ እንዲያስተያይ። ከተረጋገጠ በኋላ ከስልኩም ከቴሌግራሙም አጥፉት። የሕመምተኛውን የራሱን ድምፅ ከሆነ የቀረጻችሁት፣ አስቀድማችሁ ፈቃዱን ጠይቁ፤ እምቢ ካለም ወረቀትና እስክሪብቶ አለ። በሚቀጥለው ቀን እንጂ በሚቀጥለው ሳምንት አይረጋገጥ፤ ያን ጊዜ ዐይናችን ለጽሑፉ አዲስ ሆኖ፣ ትዝታችን ግን ገና አልጠፋም።

ከሚመጣው ሩብ ዓመት ጀምሮ የምንጠቀምበትን የጉብኝት ቅጽ በዚሁ መሠረት አስተካክለነዋል። ከላይ ስምና የካርድ ቁጥር በእጅ የሚሞሉበት፣ ቀጥሎ «የማይስማማው መድኃኒት» የሚል ሰፊ ሣጥን፣ ከታች ደግሞ «ጽሑፉን ለሕመምተኛው ያነበበው» እና «የተነበበበት ቋንቋ» የሚሉ ሁለት መስመሮች አሉት። ሣጥኑ ባዶ ሆኖ አይላክ፤ የሌለበት ሰው ከሆነ «የለበትም» ብላችሁ በእጃችሁ ጻፉ። ቅጾቹ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ተባዝተው ከበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ናቸው። የየአጥቢያው ጸሐፊ ዐምሳ ዐምሳ ቅጠል ፈርሞ ይውሰድ፤ ዐምሳ ነው ያልኩት፣ አምስት አይደለም።